ከኢንተርኔት የሚቋጠር ስንቅ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ፣ ለብዙ ዓመታት የቆየ የንባብ ልማድ ነበር። አከራዩ የሳምንቱን ጋዜጦች መንገድ ዳር ዘርግቶ ይቀመጣል። አንባቢው ጥቂት ሳንቲም፣ ኑሮ ሲወደድ ደግሞ ጥቂት ብር ይከፍልና የተመቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ፣ አጣጥፎ ይመልሳል። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ነው፤ ጊዜ ከተረፈው ወደ ፖለቲካውና ወደ ስፖርቱ ይሻገራል። ጋዜጣውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ለመውሰድ አቅም ያነሰው፣ ሳያነብ መዋል ግን የማይሆንለት ሰው የተገለገለበት ብልሃት ነው።

መንገደኛውም የራሱ ብልሃት አለው። ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሳፈር ሰው መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ታሪፉ ስንት እንደገባ፣ ለሻንጣ ይከፈል እንደሆነ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ደርሶ፣ ከተራ አስከባሪው ወይም ከረዳቱ አፍ ነው። እዚያ አካባቢ ዘመድ ያለው አስቀድሞ ይደውላል። የሌለው በሌሊት ተነስቶ ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ደላላ እጅ ከወደቀም ከታሪፉ በላይ ይከፍላል።

ዛሬ ሁለቱም ስልክ ይዘዋል። በስልካቸው ላይ ቀድሞ የሚመጣላቸው ግን የሚጠቅማቸው ሳይሆን ለመታየት የተከፈለበት ነው፦ «እጅግ ርካሽ ትኬት»፣ «ሰበር ዜና»፣ «ይህን ሳያዩ እንዳያልፉ»። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሌላ ነው። ኪሱ ላልሞላ መንገደኛና ለአንባቢ ከሁሉ የሚበጁት፣ ሰዎች በደቦ የሠሯቸው እና የሕዝብ ገንዘብ ያቆማቸው አገልግሎቶች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪው ከእነዚህ መውሰዱን ለምዷል፤ መጨመሩን ግን ገና አልጀመረውም ማለት ይቻላል። ይህ መቀየር አለበት።

በደቦ የተሠራ ነገር ምን ያህል እንደሚጸና ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የጉዞ መመሪያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢቫን ፕሮድሮሙ እና ሚሼል አን ጄንኪንስ የሚባሉ ባልና ሚስት ዊኪትራቭል የሚል ገጽ ከፈቱ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ አንድ ከተማ የሚያውቅ ሰው የት ርካሽ አልጋ እንደሚገኝ፣ ከአየር ማረፊያ ወደ መሀል ከተማ በምን እንደሚኬድ፣ የትኛው ሰፈር ማታ እንደማይሻል ይጽፋል፤ ሌላው ያርማል፣ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ገጹ ኢንተርኔት ብራንድስ ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተሸጠ። ያለ ክፍያ ይጽፉ ከነበሩት ብዙዎቹ ከፋቸው። የጀርመንኛ ጸሐፊዎቹ በዚያው ዓመት ወጥተው ዊኪቮያጅን አቆሙ፣ የጣልያንኛዎቹም ተከተሏቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዝኛዎቹም ለመውጣት ሲነሱ ኩባንያው ሁለት በጎ ፈቃደኞችን እስከ መክሰስ ደርሶ ነበር፤ ክሱ ግን አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2013 ዊኪቮያጅ የዊኪፔዲያ እናት በሆነው በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር በይፋ ተከፈተ።

ጸሐፊዎቹ ለዓመታት የደከሙበትን ይዘው መውጣት የቻሉት ጽሑፉ የወጣበት ፈቃድ ስለፈቀደላቸው ነው። ክሪየቲቭ ኮመንስ የሚባለው ፈቃድ፣ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ጽሑፉን ገልብጦ ሌላ ቦታ እንዲያቆመው ያስችላል። ስሙና አድራሻው ተሸጠ፤ ጽሑፉ ግን የሁሉም ስለነበረ ሊሸጥ አልቻለም። ዛሬ ዊኪቮያጅ ከ20 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይነበባል፤ ከእነዚህ ውስጥ ዕብራይስጥ፣ ፋርስኛና ቬትናምኛ ይገኙበታል። አማርኛ የለበትም። ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ሐረርን የሚመለከቱት ገጾች በአብዛኛው የተጻፉት ለውጭ ጎብኚ፣ በውጭ ጎብኚ ዓይን ነው። ከደሴ ወደ ባሕር ዳር ለሠርግ የምትሄድ ሴት የምትፈልገው ሌላ ነው፦ የት ያድራሉ፣ የት ይቀይራሉ፣ ለቤተሰብ የሚሆን ንጹሕ አልጋ በስንት ይገኛል። ይህን በአማርኛ የጻፈላት የለም።

የተቃራኒው ታሪክ ደግሞ የካውችሰርፊንግ ነው። ገጹ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ መንገደኛን ቤቱ በነጻ ከሚያሳድር ሰው ጋር ሲያገናኝ ቆየ። በአገሬው አነጋገር «የእግዜር እንግዳ» የሚባለውን የመቀበል ልማድ ወደ ኢንተርኔት ያመጣ ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ሆነ፤ ኮሮና በገባበት በ2020 ደግሞ በብዙ አገሮች ያሉ አባላቱን ክፍያ ጠየቀ። ለዓመታት እንግዳ ሲቀበሉ የነበሩ ሰዎች የራሳቸውን የምስክርነት ታሪክ ለማየት መክፈል ግድ ሆነባቸው። ቢዌልካም የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ2007 በበጎ ፈቃደኞች የተመሠረተው ማኅበር እስካሁን በነጻ ይሠራል። አባላቱ ያነሱ ናቸው፤ በር ግን አልዘጋባቸውም።

ለኢትዮጵያ መንገደኛ ከሁሉ ቅርብ የሆነው ግን ካርታው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አቅጣጫ የሚነገረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም። «ሃያ ሁለት ማዞሪያ ወርደህ፣ ከባንኩ ጎን፣ ሱቋን አልፈህ» ይባላል። ከተማው ሲቀየር ይህ ሁሉ ምልክት አብሮ ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ላይ ለትውልድ መገናኛ የነበሩ ቤቶች ፈረሱ፣ መንገዶች ሰፉ፣ ታክሲ መያዣዎች ተዛወሩ። ከዚያ በፊት የታተመ ካርታ ይዞ የመጣ ሰው፣ አሥር ዓመት አሜሪካ ኖሮ የተመለሰውም ጭምር፣ ተወልዶ ባደገበት ከተማ መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ ሆኗል።

ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለው ካርታ ለዚህ ዓይነቱ ከተማ የተሠራ ይመስላል። ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው፣ ማንም ተመዝግቦ መንገድ፣ ሆስፒታል፣ ታክሲ መያዣ፣ የውኃ ቦኖ ሊያስገባበት የሚችል የዓለም ካርታ ነው። አቅሙ የታየው እ.ኤ.አ. ጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ነው። በልዩ ልዩ አገር የተቀመጡ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶ እያዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ የፖርቶፕራንስን መንገዶች ሣሉ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም በዚያ ካርታ ተጠቀሙ። ከዚሁ ካርታ የሚሠራ ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ። ማስታወቂያ የለበትም፣ ክፍያ የለበትም። የኢትዮጵያን ካርታ አንድ ጊዜ ዋይፋይ ባለበት ማውረድ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዳታ ጠፋም አለም፣ ስልኩ ያለበትን ቦታ ያሳያል። ጂፒኤስ ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት መቀበል ብቻ ስለሆነ ካርድ አይበላም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ካርታ ለማየት ፓኬጅ መግዛት ያለበት እየመሰለው ይከፍላል።

የሚቆጨው ቀጥሎ ያለው ነው። ካርታው ላይ ለእያንዳንዱ ቦታ የአማርኛ ስም የሚጻፍበት ለብቻው የተዘጋጀ ቦታ አለ። ዋና ዋና ከተሞችና አደባባዮች ተሞልተዋል። ወደ ወረዳ ከተሞች ሲወረድ ግን ባዶ ነው፤ ወይም አንድ የውጭ ዜጋ በሰማው መጠን በእንግሊዝኛ ፊደል አስቀምጦት ሄዷል። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የተወለደበትን ከተማ ጤና ጣቢያ፣ መናኸሪያ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በትክክለኛ ስማቸው ለማስገባት ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የበለጠ አይፈጅበትም። ትምህርት ቤቶች ለጂኦግራፊ ክፍል የቤት ሥራ ቢያደርጉት ከብዙ ወረቀት ሥራ ይበልጣል።

አንድ ሰው ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት የእንግሊዛዊውን የማርክ ስሚዝን ነገር ማየት ይበቃል። በእንግሊዝ ባቡር ድርጅት የሠራ፣ የለንደን ጣቢያዎችን ያስተዳደረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከለንደን ተነስቶ በባቡርና በመርከብ ወደ ሌላ አገር እንዴት እንደሚኬድ የሚያስረዳ ገጽ ከፈተ፤ ስሙንም ዩሮስታር ባቡር ላይ በሚወደው ወንበር ቁጥር «ወንበር 61» አለው። ገጹ የሰዓት ሰሌዳ፣ የዋጋ ግምት፣ ትኬቱ ከየት እንደሚገዛና የትኛው ጎን ቢቀመጡ የተሻለ እንደሚታይ ይናገራል። ዛሬ ከሞስኮ እስከ ሲንጋፖር ባቡር የሚጠይቅ ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀድሞ እሱን ያያል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርንም አልዘለለውም። ፈረንሳዮቹ የሠሩት የቀድሞው ባቡር ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር። ጣቢያው በፈረንሳይኛ ሲጠራ የሕዝቡ ጆሮ ለገሐር አድርጎ አስቀረው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ለገሐር አይመጣም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ይህችን አንዲት መረጃ ሳይዝ ለገሐር የሚሄድ እንግዳ ባቡሩ ያመልጠዋል።

በአየር የሚሄደው ሰው ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ብሩም ስህተቱም ትልቅ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚበር ቤተሰብ ለአራት ሰው የሚከፍለው የወራት ቁጠባ ነው። የትኬት ዋጋ ማወዳደሪያው ጎግል ፍላይትስ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ጎግል አይቲኤ የተባለውን የትኬት ዋጋ ማስሊያ ኩባንያ በ700 ሚሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ ነው። ጠቃሚው ክፍሉ የቀናት ሰንጠረዡ ነው፦ የመሄጃንና የመመለሻን ቀን በአንድ ጊዜ ገልጦ የትኛው ጥምረት እንደሚረክስ ያሳያል። የኢትዮጵያ ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 መሆናቸው ከፈረንጆቹ የዓመት መጨረሻ ዕረፍት ጋር ስለሚቀራረብ የዲያስፖራው ትኬት በዚያ ሰሞን ይንራል። ለበዓሉ የግድ የማይል ሰው ከጥምቀት በኋላ ያለውን ሳምንት ሰንጠረዡ ላይ ቢያይ ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። ዋጋ ሲቀንስ በኢሜይል እንዲነገረው ማዘዝም ይችላል። ከዚያ ትኬቱን ከአየር መንገዱ በቀጥታ መግዛት ይሻላል፤ ምክንያቱም ችግር ሲመጣ የሚያናግረው አንድ ወገን ብቻ ይሆናል።

በቀጥታ የገዛ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። ከአሜሪካ ለሚነሳ ወይም ወደ አሜሪካ ለሚሄድ በረራ፣ ጉዞው ቢያንስ 7 ቀን ሲቀረው የተገዛ ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲሰረዝ፣ ወይም ሳይከፈልበት ለ24 ሰዓት እንዲያዝ አየር መንገዶች በደንብ ይገደዳሉ። የውጭ አየር መንገዶችም ከዚህ አያመልጡም። ይህ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አለው፤ የስም ጉዳይ አለና። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው ግን የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን፤ ሚስት በባሏ አባት ስም ትሞላለች። ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ አየር ማረፊያ ላይ ጣጣ ይመጣል። ትኬቱን በገዙበት ምሽት ፓስፖርቱን ከጎን አድርጎ ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ ስህተት ከተገኘም በዚያው 24 ሰዓት ውስጥ መሰረዝና እንደገና መግዛት ገንዘብ ያድናል።

አውሮፓ የሚኖሩት ደግሞ ከዚህ የከበረ መብት አላቸው፤ የሚጠቀሙበት ግን ጥቂቶች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 261/2004 የተባለው ደንብ ከኅብረቱ አየር ማረፊያ የሚነሳን ማንኛውንም በረራ ይመለከታል፤ አየር መንገዱ የየትም አገር ቢሆን። ከሮም፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ርቀቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ መድረሻው ላይ ከ4 ሰዓት በላይ ከዘገየና ጥፋቱ እንደ ከባድ የአየር ሁኔታ ያለ ከአየር መንገዱ አቅም ውጪ የሆነ ነገር ካልሆነ፣ 600 ዩሮ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። መዘግየቱ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ በግማሽ ሊቀነስበት ይችላል። በመልሱ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ሲበር ግን ደንቡ የሚሠራው አየር መንገዱ የአውሮፓ ከሆነ ነው። በተጓዡ ፋንታ ጠይቀው የሚያስከፍሉ ድርጅቶች ከካሳው ሩብና ከዚያ በላይ ይቆርጣሉ፤ የአየር መንገዱን ቅጽ ራስ መሙላት ግን ምንም አያስከፍልም። ደንቡ በኅብረቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል፤ የጀርመንኛ ወይም የስዊድንኛ ትምህርት የጨረሰ ልጅ ለወላጆቹ ሊያነብላቸው ይችላል።

ሁሉም «ብልሃት» ግን ብልሃት አይደለም። ስኪፕላግድ የተባለው ገጽ ታዋቂ የሆነው መካከል ላይ መውረድን በማስተማር ነው፦ እስከ ሩቁ ከተማ የተቆረጠው ትኬት አንዳንዴ እስከ ቅርቡ ከተቆረጠው ስለሚረክስ፣ የሩቁን ገዝቶ መሸጋገሪያው ላይ መቅረት። ዩናይትድ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከስሶት ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስ ባቀረበበት ክስ ደግሞ በ2024 ዳኞች 9.4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈርደውበታል። ለኢትዮጵያ ተጓዥ ከፍርድ ቤቱም በፊት መልሱ ሻንጣው ላይ ነው። ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ በስጦታና በመድኃኒት ሞልቶ የሚሄድ ሰው መካከል ላይ ቢወርድ ሻንጣው ያለ እሱ ይቀጥላል፤ የመመለሻ ትኬቱም ይሰረዝበታል።

በፍለጋ ውጤቱ አናት ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ትክክለኛ እንዳልሆነም ቪዛው ይመሰክራል። ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ቪዛዋን እ.ኤ.አ. በ2018 ለጎብኚዎች ስትከፍት የመንግሥትን ገጽ የሚመስሉ፣ ለዚያው ቪዛ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ገጾችም ተከተሉ። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አድራሻው በ«ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ማለቁን ሳያይ የካርድ ቁጥሩን መስጠት የለበትም። ከዋጋ ጋር በተያያዘ ደግሞ ቀን ማየት ግድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት በብር የተጻፈ የሆቴልም የታክሲም ዋጋ ለመንገደኛ አይሆንም። ባንኮቹ የዕለቱን ምንዛሪ በየገጻቸው ስለሚያወጡ ከመመንዘር በፊት ማየት ነው።

ወደ አራት ኪሎው አንባቢ እንመለስ። ጋዜጣ በኪራይ ማንበብ በሌላው ዓለም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራውን ሥራ መተካት ነበር። አሜሪካና ካናዳ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህን ያህል መቸገር የለበትም። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአባላቸው ፕሬስሪደር የሚባለውን አገልግሎት በነጻ ይሰጣሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ የዓለም ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደታተሙ፣ ከነገጻቸው፣ ስልክ ላይ ይነበባሉ። ሊቢ የሚባለው መተግበሪያ መጻሕፍትና መጽሔት ያውሳል። የሚያስፈልገው የነዋሪነት ማስረጃ ይዞ ካርድ ማውጣት ነው፤ እሱም በነጻ ነው። ታክሲ የሚነዳ፣ የነርሲንግ ትምህርት የሚማር፣ በየወሩ ለጋዜጣ ደንበኝነት የሚከፍል ሰው ቦርሳው ውስጥ ያለችውን የቤተ መጻሕፍት ካርድ ምን እንደምትከፍትለት ቢጠይቅ ይገረማል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው አንባቢ ጭንቀቱ የዳታ ነው። አንድ የዜና ገጽ ከነፎቶው፣ ከነቪዲዮውና ከነማስታወቂያው ብዙ ሜጋባይት ይበላል፤ ጽሑፉ ብቻውን ግን ከምንም አይቆጠርም። ሲኤንኤን «ላይት» የሚል፣ የአሜሪካው ሕዝባዊ ሬዲዮ ኤንፒአርም ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ አላቸው። በአውሎ ነፋስ ጊዜ ኔትወርክ ለተዳከመባቸው ሰዎች ጠቅመዋል። ፓኬጁ ሊያልቅ ለተቃረበ የጅማ ተማሪም እኩል ይጠቅማሉ። የአማርኛ ጋዜጦች እንዲህ ያለ ገጽ ቢከፍቱ የሚያወጡት ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አንባቢያቸው ግን ይበዛል።

ዜናን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማንበብም የሚቻል ነገር ነው። ጎግል ሪደር የሚባለው መሰብሰቢያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2013 በባለቤቱ ውሳኔ ተዘጋ፤ ሲያሰባስብበት የነበረው አርኤስኤስ የሚባል መስመር ግን የማንም ንብረት ስላልሆነ ዛሬም አለ። በዎርድፕረስ የተሠራ ማንኛውም የዜና ገጽ ይህ መስመር ከመጀመሪያው ተሠርቶለታል። ፊድሊን በመሰለ ማንበቢያ ውስጥ አስገብቶ አሥር ጋዜጣን በአንድ ገጽ፣ በወጡበት ቅደም ተከተል መከታተል ይቻላል። ማን በጣም እንደጮኸ እየለየ ቀድሞ የሚያሳይ የለም። ከሚሊዮን በላይ ተከታይ እንዳለው ቲክቫህ ኢትዮጵያ ያለ የቴሌግራም ቻናል ዜናን ያደርሳል፤ ምንጩን ግን አንባቢው ራሱ ሄዶ ማየት አለበት። ሕግ ወጣ ሲባል ደግሞ ምንጩ ቅርብ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረ ነው፤ የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይወጣል፤ ሁለቱ ቢለያዩ አማርኛው ይጸናል። አቢሲኒያ ሎው በተባለው ገጽ ብዙዎቹ አዋጆች በነጻ ይወርዳሉ። ስለ አዋጁ የተባለውን ሦስት ቪዲዮ ከማየት የአዋጁን ሁለት አንቀጽ ማንበብ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

አማርኛን የሚፈልግ ሰው አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ ፊደሉ ነው። «ዓባይ»ን የፈለገ «አባይ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»ና «ፀሀይ» ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንድ ዜና ሲጠፋ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እያለዋወጡ መፈለግ ብዙ ጊዜ ያወጣዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ኢንተርኔት ላይ የወጣ የአማርኛ ጽሑፍ ያኔ የተሠራበት ፎንት ከሌለ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታያል።

የጠፋ ገጽ ለሚፈልግ ዌይባክ ማሽን አለ። ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭ የዓለምን ገጾች እየገለበጠ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ያስቀመጣቸው ገጾች አንድ ትሪሊዮን ደርሰዋል። ጠቃሚነቱ ዜናው ሲነሳ ወይም ሲለወጥ ይታያል፤ አንባቢ የሚፈራለትን ገጽ ራሱ «አስቀምጥ» ብሎ ማዘዝም ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በአንድ ቀን ከሥራ እንዲርቁ ሲደረጉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ አማርኛ የተናገረው ጣቢያ ዝም አለ። ሬዲዮ ሲዘጋ ድምፁ ብቻ ሳይሆን የአርባ ዓመት ዘገባውም አብሮ ያሰጋል።

ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ የሚተርፈው አስቀድሞ የወረደው ብቻ ነው። ትግራይ ውስጥ በጦርነቱ ዘመን፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ሰዎች ይህን በሕይወታቸው አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ ዊኪፔዲያን፣ ዊኪቮያጅንና ሌሎች ገጾችን በአንድ ፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነጻ ፕሮግራም ነው። ፋይሉ በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ይከፍተዋል። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ግን ያሉት ጽሑፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ የስዋሂሊው ከ80 ሺህ በላይ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ይህን ያደረጉት ጽሑፉን ራሳቸው ቁጭ ብለው ስለጻፉ ነው፤ ለአማርኛም የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፣ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ጡረተኞች በየከተማው አሉ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ የመጨመር ሥራ ውጪ አይደሉም። ታሪፍ ሲሻሻል የትራንስፖርት ቢሮው የሚያወጣው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ፎቶ ነው፤ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ሰዎች ይቀባበሉታል፣ ከሁለት ቀን በኋላ በሌላ መልእክት ተቀብሮ ይጠፋል። ፎቶ ስለሆነ ጎግል ሲፈልጉት አይመጣም። ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ ሊያነብለት አይችልም። ዌይባክ ማሽን የፌስቡክን ገጽ እንደ ልብ ስለማያስቀምጥ ከዓመት በኋላ ማስረጃ ሆኖ አይገኝም። ያንኑ ደብዳቤ የጻፈው ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፉ አለው፤ አትሞ፣ አስፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ከሚለጥፈው ጋር ጽሑፉንም አብሮ ቢለጥፍ የሚፈጅበት አንድ ደቂቃ ነው። የአውቶቡስ ማኅበራትም እንዲሁ፦ መነሻ፣ መድረሻ፣ መነሻ ሰዓት፣ ታሪፍ፣ ለሻንጣ የሚፈቀደው ኪሎ፣ የተጻፈበት ቀን፤ ሰዓቱም «ከሌሊቱ 11» መሆኑን በግልጽ፣ ምክንያቱም የውጭውን አቆጣጠር የለመደ ሰው 11 ሲል ሌላ ሰዓት ይመጣበታልና። ይህች ስድስት መስመር ጽሑፍ ለአንድ መስመር ብትወጣ፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ወደ ደሴ ልትሳፈር የምትነሳ እናት ታሪፉን ከአልጋዋ ሳትነሳ አይታ፣ ብሩን ቆጥራ፣ ለልጇ መክሰስ የሚተርፈውን ለይታ ታድራለች።